ስሙ የተሰረዘ ድምፅ

ትዕግስት የለኝም። ይሄን መጀመሪያ ልናገር፤ ጥፋቱ የመጣው ከዚያ ነውና። ታክሲ ቶሎ ካልሞላ ወርጄ በእግሬ የምሄድ ሰው ነኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝም፤ ቤት ተቀምጬ ግድግዳ ከማይ ብዬ ሰበታ መንገድ ዳር ያለ አንድ ጽሕፈት ቤት ሥራ ገባሁ። ማመልከቻ እንጽፋለን፣ ኮፒ እናደርጋለን፣ ጉርድ ፎቶ እናወጣለን። በስልክ የተቀዳ ንግግር የሚያመጣ ካለም ሰምተን በጽሑፍ እንገለብጥለታለን። ይሄን የመጨረሻውን ሥራ ማንም አይወደውም ነበር። እኔ ወደድኩት። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ካደረግኩ ማንም አያናግረኝማ።

ኮምፒዩተሩ አንድ ነው፣ ሠራተኞቹ ሁለት ነን። ኮፒውንና ፎቶውን የያዘችው የሆለታ ልጅ ናት፤ ሳቋ ከእሷ ቀድሞ በር የሚገባ ዓይነት። ባለቤቱን ጋሼ ነው የምንለው። ቡራዩ ሌላ ቤት ስለከፈተ እኛ ጋ የሚመጣው ሰኞ ሰኞ ብቻ ነው። በየደንበኛው ፍላሽ በሚገባው ቫይረስ ተማርሮ ኮምፒዩተሩ ላይ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ጭኖበታል፤ ለሁለታችንም ለየብቻ መግቢያ ሰጥቶናል። እሷ በስሟ ስትገባ የእኔ አይዘጋም። ያቆምኩት ቪዲዮ እንደቆመ፣ የጀመርኩት ዓረፍተ ነገር እንደተንጠለጠለ ከሥር ይተኛል። እሷ የሰው ፊት ስትቆርጥና ስትለጥፍ፣ የእኔ ሥራ ከእሷ ሥራ በታች ቀስ ብሎ የሚተነፍስ ይመስለኝ ነበር።

«ይሄን ሁሉ የሚያስተኛውና የሚቀሰቅሰው ከርነል ይባላል» ብሎኝ ነበር ጋሼ በመጀመሪያው ሳምንት። «ፋይል ልክፈት ስትዪው ማን ነሽ ብሎ ይጠይቅሻል። ሜሞሪ ስጠኝ ስትዪው ቆርሶ ይሰጥሻል፤ የሌላ ሰው ድርሻ ግን አያስነካሽም።»

«የት ነው ያለው?»

«የትም አታዪውም።»

«ካልታየ መኖሩን በምን አውቃለሁ?»

«ሲከለክልሽ ታውቂያለሽ» አለና ሳቀ።

እውነቱን ነው፤ ሲከለክለኝ ነው ያወቅኩት። የደንበኛ ፋይል የምናስቀምጥበት አንድ የጋራ ፎልደር አለን። ሁለታችንም የፈለግነውን እናስገባበታለን፣ መሰረዝ የምንችለው ግን የየራሳችንን ብቻ ነው። ጋሼ እንደዚያ አድርጎ ነው ያበጀው። አንድ ቀን ልጅቷ የተወችውን የዓመት ጉርድ ፎቶ ላጸዳ ብል «ፈቃድ ተከልክሏል» አለኝ። ደጋግሜ ሞከርኩ፤ ደጋግሞ ያንኑ አለኝ። ደሜ ፈላ። ጋሼ «ለክፉ ቀን» ብሎ የሰጠኝ ዋናው የይለፍ ቃል ነበረኝ። ኢንተርኔት ላይ ፈልጌ አንድ መስመር ትእዛዝ አገኘሁና ጻፍኩት። መሃሉ ላይ ሦስት ሰባት ቁጥሮች አሉበት። ሰባት ሰባት ሰባት ማለት፣ ማንም ሰው ምንም ማድረግ ይችላል ማለት ነው። መዝጊያውን ነቅሎ ጓሮ እንደመጣል። ከዚያ በኋላ የሚከለክለኝ ጠፋ፣ ሥራውም ፈጠነ። ለጋሼ አልነገርኩትም።

አንዲት ሴትዮ አባታቸውን ይዘው የመጡት መስከረም ላይ ነው፤ ጭቃው ገና አልደረቀም። አምሳ ዓመት ቢሆናቸው ነው። ሽማግሌውን በክንዳቸው ደግፈው አስገቡና ከበሩ አጠገብ ባለችው ወንበር ላይ አስቀመጧቸው።

«አካም ጅርቱ አባባ?» ብዬ በኦሮምኛ ሰላም አልኳቸው። ዓይናቸው ሳቀ፤ አፋቸው አልተነቃነቀም።

«አይናገሩም» አሉ ሴትየዋ። «ባለፈው ጾም ግማሽ ጎናቸውን መታቸው። ሁሉን ይሰማሉ፤ እንቢ ያላቸው አፋቸውና ቀኝ እጃቸው ነው።»

ከመታመማቸው በፊት ግን ልጃቸው በስልክ ቀድተዋቸዋል። ሽማግሌው ሱሉልታ ነው ያረሱት፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ። እያንዳንዱ ማሳ፣ እያንዳንዱ ምንጭና ጨፌ ስም አለው፤ እነዚያን ስሞች ነው በተራ የሚያወሩት። አሁን በአብዛኛው ላይ ቤት ተሠርቶበታል። እሳቸውም ሰበታ ባል ያገቡት ልጃቸው ቤት ነው ያሉት።

«ልጆቼ ሱሉልታ ሲባል ፎቅ ነው የሚታያቸው» አሉ ሴትየዋ። «ስሞቹ ይጻፉልኝ። ድምፃቸውም ይቀመጥልኝ። ከእንግዲህ ሌላ ድምፅ የላቸውም።»

የቀዱት ድምፅ ብቻ መስሏቸው ነበር፤ ቪዲዮ ነው። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ በጀርባው አጋድመውት ስለነበር ካሜራው ያየው ጠረጴዛውን ነው። ሦስት ሰዓት ሙሉ ጥቁር ምስል። በዚህ የተነሳ ስልካቸው ሞልቶ ፎቶ እንኳ አላነሳ ብሏቸዋል። ወደ እኛ ኮምፒዩተር ገልብጬ እንደጨረስኩ «ከዚህ ላይ ላጥፋው ልጄ?» አሉኝ።

«ያጥፉት፤ እኛ ጋ አለ» አልኳቸው።

በዚህ አፌ። ከዚያ ልቤ ትንሽ ፈራና ፋይሉን ቆለፍኩት። ከማንበብ በቀር ማንም አንዲት ነገር እንዳይቀይርበት የመጻፍ ፈቃዱን ከሁሉም ላይ አነሳሁ፣ ከራሴም ጭምር። ኮራሁ። ጠንቃቃ ሰው የሆንኩ መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ቀናት አሁን ሳስባቸው እንቅልፍ ውስጥ የነበርኩ ይመስለኛል። ጠዋት ጠዋት ማዳመጫውን አደርጋለሁ፣ ስክሪኑ ይጠቁራል፣ ሰበታ ይጠፋል። የባጃጁ ጥሩምባ፣ የኮፒው ማሽን ጩኸት፣ ልጅቷ «ቀና በል፣ አገጭህን ዝቅ» እያለች ፎቶ ስታነሳ፣ ሁሉም ከሩቅ ይሆናል። ሽማግሌው ለልጅ ልጆቻቸው እንዲገባ ብለው በአማርኛ ይጀምራሉ። መሬቱ ላይ ሲደርሱ ግን ሳያውቁት ወደ ኦሮምኛ ይገባሉ፤ እግራቸው ሣር የነካ ይመስል ድምፃቸው ይለሰልሳል። ቡርቃ አዲ አሉ አንዴ፤ ነጭ ምንጭ ማለት ነው። ውኃው ነጭ አይደለም፣ ጠዋት ጠዋት ጉም የሚተኛበት ስለሆነ ነው አሉ። እኔ ሰበታ ተቀምጬ እግሬ በረደኝ።

ጋሼ እንደነገረኝ፣ ከርነሉ ትልቅ ፋይል ሲከፈት ሁሉንም አንዴ ተሸክሞ ሜሞሪው ላይ አይዘረግፈውም። በገጽ በገጽ ነው የሚያመጣው፤ የተፈለገውን ገጽ ብቻ ያስገባል፣ ቦታ ሲጠበው የቆየውን ይለቃል። ሽማግሌውም እንደዚያ ነበሩ። ስለ አንዱ ማሳ ሲያወሩ ሌላው ማሳ የለም። ወደዚያኛው ሲሻገሩ ደግሞ ይሄኛው ከኋላቸው በጉም ይሸፈናል። በሁለተኛው ሰዓት ላይ ማን እንደሆነ እንጃ ስልኩን ከጠረጴዛው ያነሳዋል፤ ጥቁሩ ድንገት ይቀደድና ሰማይ፣ የገብስ ጫፍ፣ የጋቢ ጥለት ይታያል። ሁለት ሴኮንድ አይሞላም። ተመልሶ ይጠቁራል። ያቺን ቦታ ስንት ጊዜ ወደ ኋላ መልሼ እንዳየኋት አልናገርም።

አንድ እሑድ ቤት መቀመጥ አቃተኝና ታክሲ እየቀያየርኩ ሱሉልታ ሄድኩ። ቅጂውን በስልኬ ይዤ ብሄድ ኖሮ ይሄን ሁሉ አልጽፍም ነበር፤ ስልኬ ግን ያን ያህል ቦታ አልነበረውም። የያዝኩት ስሞቹን በጭንቅላቴ ነው። ነጭ ምንጩን ፈለግኩ። ጉሙ ነበር፤ ከጉሙ ውስጥ ብሎኬት ግድግዳዎች በግማሽ ቁመታቸው ቆመዋል፣ መስኮት ይሆናል የተባለው ቀዳዳ በሙሉ ነጭ ነው። ለአንዲት ልብስ ለምታሰጣ ሴት ቡርቃ አዲ የት ነው ብላት «አዲስ ሰፈር ነው?» አለችኝ። ተመለስኩ።

በሚቀጥለው ሐሙስ አንድ ሰዓት ተኩሉን ጽፌ ጨርሻለሁ፤ ግማሹ ይቀረኛል። ቪዲዮውን አቁሜ ለምሳ ወጣሁ። ስመለስ መብራት ጠፍቷል። ኮምፒዩተሩ በመጠባበቂያ ባትሪው ላይ ነው፤ ባትሪው በየጥቂቱ ጢት ይላል። ልጅቷ በስሟ ገብታ ተቀምጣለች።

«እመቤት፣ ጠግበሽ መጣሽ?» አለችኝ። «እኔ እዚህ ዲስኩ ሞልቶ ፎቶ አላስቀምጥ ብሎኝ አሳሬን አያለሁ።»

«እና ምን አደረግሽ?»

«አጸዳሁ። አንድ ግዙፍ ጥቁር ቪዲዮ ነበር፣ ቅርጫት ውስጥ እንዳይቀር ሺፍት ይዤ ሰረዝኩት። ከፍቼ አየሁት እኮ! ወደፊት ባሳልፈው ጨለማ፣ ወደፊት ባሳልፈው ጨለማ። ምንም የለበትም።»

«ድምፅ አለው!»

«ድምፅ?» እጇ ከመዳፊቱ ላይ ተነሳ። «ማዳመጫ አላደረግኩም።»

«ቆልፌው ነበር እኮ!»

«እኔን ምንም አልከለከለኝም።»

ከበሩ በኩል የጫማ ድምፅ ሰማሁ። ሴትየዋ ናቸው፣ ከአባታቸው ጋር። የቀረውን ሊያዩ መጥተዋል። «ምነው ልጄ፣ ምን ሆንሽ?» አሉኝ። ሽማግሌው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና ጋቢያቸውን አስተካከሉ። እኔ ጋሼ ጋ ደውዬ ፋይል መሰረዙን ነገርኩት።

ታክሲ ውስጥ ነው፤ ረዳቱ ሲጮኽ ይሰማል። «ከቆሻሻው ቅርጫት መልሺው፣ ይሄ ምን ያስደውላል?» አለ።

«ቅርጫት ውስጥ የለም። ሺፍት ይዛ ነው የሰረዘችው።»

«ያስቀመጥሽው አንቺ ከሆንሽ እሷ እንዴት ትሰርዘዋለች? ፎልደሩ አይፈቅድላትም።»

ስልኩን ይዤ ከሴትየዋ ፊቴን አዞርኩ።

«አንቺ ልጅ?»

«ፎልደሩን ከፍቼዋለሁ ጋሼ። ሰባት ሰባት ሰባት።»

ረዳቱ ሁለት ሰፈር ጠራ። «ይሄን ሰኞ እናወራዋለን» አለ ጋሼ።

«ግን ፋይሉን ቆልፌው ነበር…»

«የፋይሉ ቁልፍ የሚጠብቀው ውስጡን ነው። ስሙ የተጻፈው ግን ፎልደሩ ላይ ነው። ፎልደሩን ለሁሉም ከከፈትሽ ስሙን ማንም ተነስቶ ይፍቀዋል፤ ፋይሉን መንካት እንኳ አያስፈልገውም።»

ልጅቷ ከጎኔ ልታለቅስ ደርሳለች። እሷ ስትደነግጥ ትነጫነጫለች። «ደግሞ በከንቱ ነው የሰረዝኩት! ቦታም አልለቀቀም! አሁንም ሞልቷል ነው የሚለኝ!»

«ምን አለች?» አለ ጋሼ። «ድገሚልኝ።»

ደገምኩለት።

«ቦታ ካልለቀቀ የያዘው አለ። አንቺ ጋ ተከፍቶ ነበር?»

«አቁሜው ነው ምሳ የወጣሁት።»

«እንግዲያው አልጠፋም!» ጩኸቱ ረዳቱን በለጠው። «የጠፋው ስሙ ነው። ስትከፍቺው ከርነሉ ፈቅዶልሻል፤ አንዴ ከፈቀደልሽ ራስሽ እስክትለቂው ድረስ ከእጅሽ አይነጥቅሽም። ማጫወቻውን እንዳትዘጊ። ኮምፒዩተሩ ከጠፋ ግን አለቀ።»

ባትሪው ጢት አለ።

የሚጻፈውን ትእዛዝ በመልእክት ላከልኝ። ልጅቷ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ ማለት ይቻላል፤ ወንበሩ ላይ ያለችው እሷ ስለሆነች «እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ እኔ ላውጣው» ብላ በራሷ መግቢያ ጻፈችው። ፈቃድ ተከልክሏል። ድጋሚ ጻፈች። ፈቃድ ተከልክሏል። የኔ ማጫወቻ የያዘውን፣ ስም እንኳ የሌለውን ነገር፣ ከእኔ በቀር ለማንም አላሳይም አለ። እንዲያ ያንገበገበኝን ቃል ያን ጊዜ ጮክ ብዬ አነበብኩት። አልተረሳም ማለት ነው። የት እንደሆነ ባላውቅም እዚያ ውስጥ አንድ ቦታ፣ የማን እንደሆነ ተይዞለት ተቀምጧል።

«ተነሺ» አልኳት።

ወደ ራሴ መግቢያ ተሻገርኩ። ጥቁሩ ምስል እንዳቆምኩት ቆሟል። ትእዛዙን ስጽፍ ማጫወቻው የያዛቸው ነገሮች ተደርድረው መጡ፤ ከእነሱ መሃል የአንዱ መጨረሻ ላይ «ተሰርዟል» የሚል ምልክት አለበት። እሱ ነው። ዲስኩ ሞልቷል፣ የምገለብጥበት ቦታ የለም። «ፍላሽ!» ብዬ ጮኽኩ። ልጅቷ የቤቷ ቁልፍ ላይ ያንጠለጠለቻትን አወጣች።

«ዘፈን ብቻ ነው ያለበት፣ አጥፊው!»

አጠፋሁትና መገልበጥ ጀመርኩ። ሊኑክስ እንደዚህ ሲሠራ ምንም አያሳይም፤ ጠቋሚው ዝም ብሎ ብልጭ ይላል። ባትሪው ጢት ጢት ማለቱን አፈጠነ። ሴትየዋ የገባቸውን ያህል ገብቷቸዋል መሰለኝ፣ የአባታቸውን ትከሻ ይዘው ቆመዋል። ጊዜው እንዴት እንደሄደ አላውቅም። ብዙ ቆየ ልበል ወይስ ትንሽ? ጆሮዬ ውስጥ ጢት ጢቱ እየራቀ ሄዶ፣ የሆነ ሜዳ ላይ ሰው ሲጣራ የምሰማ መሰለኝ። ጠቋሚው ወደ አዲስ መስመር ወረደ። አልቋል። ፍላሿን በሥርዓቱ አስወጥቼ እጄ ውስጥ ጨበጥኳት። ከዚያ በኋላ ቡና ለማፍላት የሚበቃ ጊዜ እንኳ አልሰጠንም፤ ስክሪኑ ጠፋ።

ያን ጊዜ መዋሸት እችል ነበር። መብራት ስለጠፋ ነው ብላቸው ያምኑኝ ነበር።

«ያጥፉት ያልኩዎት እኔ ነኝ» አልኳቸው። «ፎልደሩን ለሁሉም የከፈትኩትም እኔ ነኝ፣ እሷ አይደለችም። ድምፃቸው ዛሬ ሊጠፋ ነበር።»

ሴትየዋ ብዙ አዩኝ። ተናደው ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

«አሁን የት አለ?»

እጄን ከፈትኩ። ፍላሿ በላብ ረጥባለች።

«ከዚህች ውስጥ መኖሩን አይተሻል?»

«መብራት ሲመጣ ነው የማየው።»

«እንግዲያው መብራት እስኪመጣ አልሄድም» አሉና ከአባታቸው አጠገብ ተቀመጡ። ልጅቷ ሁለት ለስላሳ ከጎረቤት ሱቅ አመጣች፤ ማንም አልጠጣውም። ፀሐይዋ በመስታወቱ በኩል ገብታ በኮፒው ማሽን ላይ፣ ከዚያ በግድግዳው ላይ በተለጠፉት ጉርድ ፎቶዎች ላይ እየተንሸራተተች አለፈች። ሽማግሌው ለአፍታ እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ግራ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ሆኖ አንዳንዴ ይነቃነቃል። እርፍ ይሁን ጅራፍ የያዘ ሰው እጅ ይመስላል። የእሳቸውን እጅ እያየሁ፣ ፍላሿ ባዶ ብትሆን ምን እንደምል አሰብኩ።

አሥር ሰዓት አካባቢ መብራት መጣ። ፍላሿን ሰካሁ። ማዳመጫውን ነቀልኩና ምሳ ስወጣ ካቆምኩበት ቦታ ድምፁን በስፒከር ለቀቅኩት። መጀመሪያ የወንበር ጩኸት ተሰማ፣ ቀጥሎ ጉሮሮ ሲጠራ፣ ቀጥሎ እሳቸው።

ሽማግሌው ነቁ። ሴትየዋ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ልጅቷ «ይሄ ነው እንዴ ጨለማው?» አለች፣ ለራሷ ያህል። ወዲያውኑ ወደ ሴትየዋ ስልክ ገለበጥኩላቸው፣ አንድ ቅጂ ለጋሼ ላክሁ፣ የፎልደሩንም ፈቃድ በስልክ እያዘዘኝ እንደነበረው መለስኩት። ይሄን ሁሉ ሳደርግ ድምፃቸው አልቆመም። ገና ያልጻፍኩት ክፍል ነው፤ ከአንድ ጨፌ ጠርዝ ተነስተው ቁልቁል ወደ ወንዙ እየሄዱ ነው። ወንዙ ጋ ሲደርሱ መልካ ጀልዴሳ አሉ፤ ዝንጀሮዎች የሚሻገሩበት ነው።

ሽማግሌው ግራ እጃቸውን አነሱ።

ቪዲዮውን አቆምኩ። እጃቸው እስክሪብቶ ፈለገ፤ ሰጠኋቸው። ከጠረጴዛው ላይ ባለ የተበላሸ ኮፒ ጀርባ ላይ በተንቀጠቀጠ መስመር ጨፌውን ሳሉ፣ ከበታቹ ወንዙን። ከዚያ በሁለቱ መሃል አንድ ክብ ሠሩና እስክሪብቶውን ክቡ ላይ ደጋግመው መቱት።

«አባኮ፣ እዚህ መሃል ሌላ አለ?» አሉ ልጃቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። አለ። ሲቀዱ ዘለውታል።

«ምንጭ ነው?» አይደለም። «ዛፍ? ኦዳ?» አይደለም። «‹የእናትሽ ማሳ› የሚሉት ነው?» አይደለም። «የከብት ማደሪያው?» አይደለም። ልጅቷ ሳይቀር ገባችበት፤ «ድንጋይ ነው አባባ? ገደል?» ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከንፈራቸው ተሰበሰበ፣ አንድ ድምፅ መጣ። ቃል አልነበረም። እንደገና ሞከሩ፤ ያው። ሁላችንም እንዳልሰማን ሆነን ወደ መሬት አየን።

«ቶሌ አባኮ፣ ቶሌ» አሉ ሴትየዋ፣ ይሁን አባቴ ማለታቸው ነው፣ ጀርባቸውን እየዳበሱ። «አንቱ ካላወጡት እኛ አናውቀውም።»

እኔ ጽሑፉን ከፈትኩ። ስሞቹን በተራ ቁጥር ነው የደረደርኳቸው። ከጨፌው በታች አንድ ቁጥር ጨመርኩ፣ ከጎኑ ምንም አልጻፍኩም፤ ከእሱ በታች መልካ ጀልዴሳን። ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዞርኩት። ጎንበስ ብለው ባዶውን መስመር በጣታቸው ነኩት። ጣታቸው እዚያው ላይ ቆየ።

ከዚያ እጃቸውን አወረዱና ወደ ወንበራቸው ተደገፉ።

«ቀጥዪ» አሉኝ ሴትየዋ።

ለቀቅኩት። ድምፃቸው ወንዙን ተሻገረ።